የጤና መድን ካርዱ ተማሪውን ይከተል

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለደብረ ብርሃን ከተማ ጤና መምሪያ

ጤና ይስጥልን።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ክፍሎች ለኮሌጅ ተማሪዎች አከራያለሁ። ልጆቹ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ይመጣሉ። ኪራይ ሲያዘገዩ እቆጣለሁ። ሲታመሙ ግን እናታቸው እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን አላቸው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጊቢ ውስጥ ያድራል፣ የተማሪ ክሊኒክም አለው። ያማርሩታል፤ ቢሆንም አለ። የግል ኮሌጅና የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ግን ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከአገር ቤት እያስላከ ነው የሚማረው። ያመመው ቀን የሚሮጠው ፋርማሲ ነው። ማስታገሻ ገዝቶ ይተኛል።

ባለፈው ጥቅምት አንዷ ተከራዬ፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ ታመመችብኝ። ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ጎረቤቱ ሁሉ «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ትለምደዋለች» አለ። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ተሰጣት። ማታ ላብ በላብ ሆና ቀለል አላት። ደግሞ ተነሳባት። «ለእናቴ እንዳትደውይባት፣ ያላትን ሸጣ ነው የምትመጣው» እያለች ለመነችኝ።

አንድ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ቤተሰቧ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ነው፣ መዋጮውንም ይከፍላል። የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም አስልካ ስልኳ ላይ ይዛዋለች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ አየችውና፣ «እናቴ፣ ይሄ እዚህ አይሠራም። ወይ ከወረዳዋ ሪፈር ታምጣ፣ ወይ ከፍላ ትታከም» አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ። አልፈርድባትም፤ የተሰጣትን መመሪያ ነው የምትሠራው።

ግን እስቲ አስቡት። ለአንዲት ወረቀት ሲባል በትኩሳት የነደደች ልጅ መኪና ተሳፍራ፣ ጣርማ በርን ወርዳ፣ ደብረ ሲናን አልፋ፣ ሸዋ ሮቢት ደርሳ ልትመለስ ነው። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ጓደኞቿ አዋጡ፣ እኔም ጨመርኩ፣ ታከመች። ደሟ ሲታይ ወባ ነው።

ወባ ደብረ ብርሃን ላይ! ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ማንም በወባ አይጠረጥርም። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት። የወባ ዋናው ወቅት ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኮሌጅ የሚወጡበት ጊዜ ማለት ነው። በትንኝ ከተነከሱ በኋላ በሽታው እስኪነሳ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጭራሽ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ተነክሶ ደጋ መታመም ያለ ነገር ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ የወባ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ልጅቷ የታገደችው መድኃኒቱ ጋ ሳትደርስ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው።

የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው ከቀበሌው ለማይርቅ ገበሬ ይመስለኛል። ለእሱ ሥርዓቱ ልክ ነው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። ሁሉም በቀጥታ ሆስፒታል ቢሮጥ ወረፋው ያልቅ ነበር? አያልቅም። ተማሪ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ከወረዳው ውጪ ነው። መድኑ ያለው እናቱ ቤት፣ በሽታው ያለው ኪራይ ቤት።

ዕድሜም አለ። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በቤተሰቡ መድን ለመቀጠል ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። ኮሌጅ የሚገባውም በዚያው ዕድሜ ነው። የእኔ ተከራዮች ወላጆች ይህን የሚሰሙት ልጁ ከታመመ በኋላ ነው። አባልነት ሲታደስ የቀበሌው ሰው «ኮሌጅ የገባ ልጅ አለዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ተማሪው ከኮሌጁ ደብዳቤ ያጽፍ፣ የቤተሰቡን የመድን ካርድ ያያይዝ፣ እዚህ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ይመዝገብ። እስኪመረቅ ሕክምናውን ከዚያ ይጀምር፤ ሪፈር ካስፈለገም እዚያው ይጻፍለት። ሂሳቡን ወረዳውና ከተማው እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ። ቢሮ ለቢሮ መጻጻፍ የታመመ ልጅ ከማመላለስ ይቀላል። ለጤና ጣቢያዎቹም፣ ትኩሳት ይዞት የመጣን ተማሪ «ከየት ነው የመጣኸው? በቅርቡ ቆላ ነበርክ?» ብለው እንዲጠይቁና የወባ ምርመራ እንዲያዙ አሳስቡልን።

የመድን ምዝገባው ወትሮ እህል ከገባ በኋላ ነው። ውሳኔያችሁ ከዚያ በፊት ቢደርሰን ወላጆች ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። ማስታወቂያውን ብቻ አውጡልን፤ ኮሌጆቹ በር ላይ የምለጥፈው እኔ ራሴ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ቤት አከራይ፣ ደብረ ብርሃን