በጓን ማን ሣላት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ ከመገናኛ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል፤ እኛ ሰፈር አባዶ ጋዜጣ አዟሪ ብዙም አይዘልቅም። ባለፈው ወር የመጻሕፍት አምዳችሁ ስለ አንድ አዲስ የልጆች መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። የልጆች መጽሐፍ ጋዜጣ ላይ ማየት እንደ ነሐሴ ፀሐይ ነው፤ ብቅ ሲል ወጥተህ ትሞቀዋለህ። ከመጽሐፉ አንዱን ሥዕል፣ መስኮት ላይ የተኛች ድመት፣ ግማሽ ገጽ ሰጥታችሁታል። የደራሲውን ስም አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ዋጋው አለ። የአሳታሚው ስም አለ። የጻፈው ጋዜጠኛም ስም አለ። ድመቷን የሣለው ሰው ግን የለም። ራሷን ሥላ መጣች እንዴ?

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ።

የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ስላልነበረ በማኒላ ወረቀት ራሴው እሥል ነበር። በ1991 ዓ.ም. የአንድ ተማሪዬ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ ሥዕሎቹን አያቸው። የማተሚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። «ቲቸር፣ የፊደል ገበታ ላሳትም አስቤ ነበር፤ ሥዕሉን ቢሥሉልኝ?» አለኝ። ለ33ቱ ፊደላት 33 ሥዕል። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጬ ሠራሁ፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ። 400 ብር ከፈለኝ። አልዋሽም፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ነጠላ ገዛሁበት።

«በ» በግ ነበረች። ሌሎቹ ገበታዎች ላይ ያለችው በግ ሁለቱም ጆሮዋ እኩል ነው። የኔዋ አንዱ ወደ ፊት ታጥፏል። ሰንዳፋ አያቴ ቤት እንደዚህ ያለች በግ ነበረች፤ በግልገልነቷ ውሻ ነክሷት ነው ይሉ ነበር። ስሥላት እሷ ነበረች ዓይኔ ላይ የመጣችው።

ገበታው ታትሞ ሲመጣ ከሥሩ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። የማን መብት? የማተሚያ ቤቱ ስም አለ። የኔ የለም።

ያ ገበታ ስንቴ እንደተገለበጠ እግዜር ይወቀው። ዛሬም አልሞተም። ባለፈው ዓመት ከእኔ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ለልጇ ከመንገድ ላይ ገዝታ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። ቡና ልጠጣ ገብቼ ቀና ስል በጌ! ቀለሙ ተንሸራቷል። ባለ ቀለም ኅትመት አራት ቀለም ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። እያንዳንዱ የራሱ ፕሌት፣ ማለትም ማተሚያ ሰሌዳ፣ አለው። አራቱ በልክ ካልተገጣጠሙ ሁሉም ነገር ጥላ ያወጣል። በጌ ሁለት አፍንጫ አብቅላ ቆማለች። ጆሮዋ ግን እንደታጠፈ ነው።

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። «ይቺን በግ እኮ እኔ ነኝ የሣልኳት» አልኩት። «ውሸት!» እናቱም ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏታል። ምን ማስረጃ አለኝ? ደብተሩን ተቀብዬ ከጀርባው በእርሳስ ሣልኩለት። አንዴ ደብተሩን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ። ከዚያ «ቲቸር፣ ኮረጅሽ!» አለኝ።

እስከዛሬ ስድስት የልጆች መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ አራቱን በራሴ ገንዘብ። ግጥሙም ሥዕሉም የኔ ነው። በልጅነቴ በጎረቤት ቴሌቪዥን የአባባ ተስፋዬን ተረት እያየሁ ነው ያደግኩት። ያኔ ተረት ማለት ለኛ ድምፅ ነበር፤ ጅቡንም ጦጣዋንም በየራሳችን ጭንቅላት ውስጥ ነበር የምንሥላቸው። መጽሐፍ ስሠራ ግን ሌላ ነገር ተማርኩ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጽሐፉን የሚያነበው በሥዕሉ ነው። ለሱ ደራሲው ሠዓሊው ነው። ይህቺን ግጥም ተመልከቱ፤ በጓን ይዤ የጻፍኳት ናት፦

ነይ ሲሏት ትሄዳለች፣
ሂጂ ሲሏት ትመጣለች፣
ጆሮሽ ምን ሆነ ሲሏት
ባእ ብላ ትስቃለች።

ቃሉ ይሄው ነው። በጓ ጭንቅላቷን የጤፍ እንቅብ ውስጥ ከትታ፣ አያትየው በመጥረጊያ እያባረሯት መሆኑን ግጥሙ አይናገርም። ሥዕሉ ነው የሚናገረው። ልጆች የሚስቁትም እዚያ ላይ ነው።

ይህቺን ግጥም መጀመሪያ የወሰደው አንድ አሳታሚ «ምክሩ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምክር የላትም አልኩት። በግ ናት። መጽሐፉ ሲወጣ ከሥሯ ሁለት መስመር ተጨምሯል፤ ልጆች የታላላቆቻችሁን ቃል ስሙ የሚል። አልጠየቁኝም። የልጆችን ነገር ያለ ምክር መጨረስ የሚፈራው ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው በራሴ ማሳተም የጀመርኩት። የመጀመሪያው 24 ገጽ ነበር። ግጥሞቼ 22ኛው ገጽ ላይ አልቀዋል። አታሚው ግን ወረቀቱ ታጥፎ በስምንት በስምንት ነው የሚሄደው አለኝ። ባዶ ከምተዋቸው ብዬ ሁለት ሥዕል ጨመርኩ፤ ያለ አንድ ቃል። ልጆች ቶሎ የሚያወልቋቸው ገጾች እነሱ ናቸው። ሽፋኑ ላይ ስሜን ሁለቴ ጻፍኩ፤ «ድርሰት» ብዬ፣ ከሥሩ ደግሞ «ሥዕል» ብዬ። አታሚው «ያው አንቺው አይደለሽ እንዴ፣ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ያደርጋል አልኩት።

ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ነው የሚለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን እንደ ጽሑፍ ሁሉ ይጠብቃል። የሥራ አመንጪው ስሜ ይጠቀስ የማለት መብት አለው፤ ሥራዬ አይዛባ የማለትም እንዲሁ። ከዚያ በፊትም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገር ነበር። እኔ በ1991 ይህን ሁሉ የት አውቄ? የማውቀው 400 ብሩን ነው።

ስም መጻፍ ባህላችን አይደለም የሚሉኝ አሉ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ለእግዚአብሔር ነው የሠሩት፣ ስማቸውን አልፈለጉም ይላሉ። ብዙዎቹ እውነት ነው አልጻፉም። ግን ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አስቡ። በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ እንደሣላት እዚያው ላይ ተጽፏል። በዚያች ጽሑፍ የተነሣ ከ500 ዓመት በላይ አልፎም ስሙን እንጠራዋለን። ሌሎች ሥዕሎችን አይተው ይህ የሱ እጅ ነው፣ ይህ የሱ ተማሪ ነው የሚሉ ሊቃውንትም መነሻቸው እሷው ናት። መነኩሴ ስሙን ከጻፈ የድመት ሠዓሊ ምን ኃጢአት አለበት?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ለፎቶግራፍ ከሥሩ በደቃቁ «ፎቶ» ብላችሁ ስም ታስቀምጣላችሁ። ለሥዕልም እንደዚያው አድርጉ። አንድ መስመር ናት። የልጆች መጽሐፍ ስታስተዋውቁ ደግሞ ስለ ሥዕሉም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጉ። ጥሩ ካልሆነም ጥሩ አይደለም በሉ፤ ዝም ከመባል መተቸት ይሻላል። ሥዕሉን ትታችሁ ቃሉን ብቻ ስታወድሱ ወጡን ቀምሶ እንጀራውን እንደመርሳት ነው።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ሳልጨርሰው ልጄ መጽሐፉን ገዝቶልኝ መጣ። የሣለችው ልጅ ስም ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ በላይ በደቃቅ ፊደል አለ። ድመቷ ገጽ 11 ላይ ናት። ጋዜጣችሁን አጠገቧ ዘርግቼ አስተያየኋቸው። መጽሐፉ ላይ የድመቷ ጭራ ከመስኮቱ ደፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጭራዋ ጫፍ ሥር በእርሳስ የተጻፈች ጭረት የምታህል ፊርማ አለች። እናንተ ሥዕሉን ከታች ስትቆርጡት ጭራውም ፊርማውም አብረው ሄደዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ
ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም