ገና በአምስት ሚሊሜትሩ እንድናየው ላደረጋችሁ ሁሉ

ለጡት ካንሰር ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው ሴቶች የተዘጋጀው የኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ማሽን) ምርመራ የመጀመሪያ ዙር ተጠናቋል። ይህን የምስጋና መልእክት የምንጽፈው ምስሉን የምናነብ ሐኪሞች ነን። ውጤቱ ላይ የሚሰፍረው የእኛ ፊርማ ስለሆነ ምስጋናውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣል። ይሁን እንጂ 5 ሚሊሜትር የሆነች ዕጢ መታየት አለመታየቷ የሚወሰነው ምስሉ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ምስጋናውን ለባለቤቶቹ እናድርስ ብለናል። በደፈናው ማመስገንም አልፈለግንም፤ እያንዳንዳችሁ የሠራችሁት ሥራ ምን እንዳተረፈ አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው እንሻለን።

በቀጠሮ ክፍል ያላችሁ፣ በየስልኩ «የወር አበባዎ የጀመረው መቼ ነው?» እያላችሁ መጠየቃችሁን የሰለቸ ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ልዩነቱን በየምስሉ አይተነዋል። ጤነኛ የጡት ሥጋም እንደ ካንሰር ሁሉ ኮንትራስት (በደም ሥር ተሰጥቶ ምስሉን የሚያበራውን ፈሳሽ) ይወስዳል፤ የሚወስደው መጠን ደግሞ ከሆርሞን ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጡቱ ረጋ ይላል። ከዚያ ውጭ በተለይም የወር አበባ ዑደቱ ሊያልቅ ሲል መላው ጡት በምስሉ ላይ ስለሚነጣ ትንሽ ካንሰር በዚያ ንጣት ውስጥ ይሸሸጋል፤ ወይም ጤነኛው ሥጋ ካንሰር መስሎን ሴትየዋን ያለ ምክንያት መልሰን እንጠራታለን። ላረጡ ሴቶች ቀን መምረጥ አያስፈልግም። ካንሰሩ ተረጋግጦ ስፋቱን ለማየት የተላከችው ሴትም ቀን ጠብቂ አትባልም፤ ይህን ለይታችሁ በማስተናገዳችሁ ሕክምናዋ የዘገየባት ሴት የለችም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የገባ ማሰሪያ፣ በዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ፍንጣሪ፣ እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም መኖር አለመኖሩንም አንድ ሳታስቀሩ ጠይቃችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ነርሶቻችን፣ የእናንተን ሥራ የምናየው በልብ ላይ ነው። ከኮንትራስት በኋላ የተነሣውን ምስል ስንከፍት ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ጡቱ ላይ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ልብና በደረት አጥንት ግራና ቀኝ የሚወርዱት ደም ሥሮች በርተው እንደሆነ እናያለን። ካልበሩ ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ ፈስሷል ወይም ዘግይቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ምስል «ምንም የለም» ቢል አይታመንም። በዚህ ዙር ልቡ በርቶ ያገኘነው መርፌው የገባበትን ደም ሥር አስቀድማችሁ በጨው ውኃ ስለምትፈትሹ ነው።

የመጠኑ ነገርም እንዲሁ ነው። ጋዶሊኒየም የተባለው ኮንትራስት የሚሰጠው በኪሎ 0.1 ሚሊሞል ሂሳብ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊሞል ከያዘው ዓይነት ለ60 ኪሎ ሴት 12 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል፤ 1.0 ሚሊሞል ከያዘው ግን 6 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። ሁለቱን ጠርሙስ ማምታታት ግማሽ ወይም እጥፍ መስጠት ነው። እናንተ በግምት ሳይሆን በሚዛን መዝናችሁ፣ ጠርሙሱን እያነበባችሁ ሰጥታችኋል። በሴኮንድ 2 ሚሊ ሊትር ፍጥነት ከገባ በኋላ 20 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ባታስከትሉበት ኖሮ፣ ከመድኃኒቱ ከፊሉ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ይቀር ነበር።

ከሁሉ በላይ ባለዕዳ የሆንነው ግን ለራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች ነው። ታካሚዋ በሆዷ ትተኛለች፤ ጡቶቿ በኮይሉ (ከጡቱ የሚመጣውን የምስል ምልክት በሚቀበለው መሣሪያ) ሁለት ክፍተቶች ውስጥ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ላየው ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። የእናንተ እጅ ሥራውን የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። በብብት በኩል የቀረውን ሥጋ ስቦ ያስገባል፤ ከጡቱ ሥር የተጣጠፈውን ቆዳ ይዘረጋል፤ የጡቱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት እንዲያይ ያስተካክላል፤ ወደ ሌላው ጎን ዞሮም ያንኑ ይደግማል። ቆዳ ከተጣጠፈ ዕጢው እንዲለይ ከምስሉ መጥፋት ያለበት የስቡ ንጣት በእጥፋቱ ዙሪያ አልጠፋ ይለናል። ጡቱ ከኮይሉ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ያ ጠርዝ ከመጠን በላይ ይነጣል። ከተጨመቀ ደግሞ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው ኮንትራስቱም አይደርሰውም፤ ካንሰሩ እዚያው እያለ ሳይበራ ይቀራል። ወደ ብብት የሚዘረጋው የላይኛው የውጭ ክፍል ካንሰር በብዛት የሚነሣበት ቦታ ስለሆነ፣ ያንን ሥጋ ስቦ ማስገባት የምርመራው ግማሽ ነው ብንል አላጋነንም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ታካሚዋ እንዳትንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ካንሰር የሚያበቅላቸው አዳዲስ ደም ሥሮች ስለሚያፈሱ ኮንትራስቱ ወደ ዕጢው ፈጥኖ ይገባል። ጎልቶ የሚታየውም መርፌው ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ገደማ ነው፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ እየፈዘዘ ይሄዳል። እኛ ከመርፌው በፊት የተነሣውን ምስል በኋላ ከተነሣው ላይ ቀንሰን ልዩነቱን እናነባለን። በመካከሉ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከተንሸራተተች ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም። በስቡ ጠርዝ ላይ ካንሰር የሚመስሉ ነጫጭ መስመሮች ይወጣሉ፤ እውነተኛው ዕጢም ሊደበዝዝ ይችላል። በኋላ ላይ በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በከፊል ይቻላል፣ በእኛ ግምት ግን መጀመሪያ በደንብ ከተኛች ሴት ምስል ጋር አይስተካከልም። እናንተም ይህን ስለምታውቁ ከመጀመሪያው ግንባሯን ታስደግፋላችሁ፤ ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ትራስ ታደርጋላችሁ፤ ደረት አጥንቷን የሚቆረቁራት ነገር እንዳለ ትጠይቃላችሁ። የጆሮ መከላከያውን አድርጋችሁ የመጥሪያውን ኳስ በእጇ ታስይዛላችሁ። መድኃኒቱ ሊገባ ሲልም «አሁን ክንድዎ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማዎታል፤ አይደንግጡ፤ በቀስታ ይተንፍሱ» ትሏታላችሁ። በደነገጠች ጊዜ የምትስበው አንድ ረጅም ትንፋሽ የዚያን ቀን ምርመራ ሊያበላሽ እንደሚችል የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስቡን የሚያጠፋው ቅንብር ላይ ሳታዩ ማለፍን እንቢ ያላችሁትንም እናመሰግናለን። ማሽኑ ስብን ከውኃ የሚለየው በሚሰጡት ምልክት ድግግሞሽ ነው፤ ይህም በ1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ) ማሽን የሚለያየው በ220 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው። ማሽኑ በራሱ ሲመርጥ አንዳንዴ የስቡን ትቶ የውኃውን ጫፍ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ስቡ በርቶ ይቀርና መታየት ያለበት ሥጋ ይጠፋል። ዞር ብሎ ማየት የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ማሽኑንና ኮይሉን በየጊዜው የሚፈትሹልን ፊዚሲስቶችና መሐንዲሶችም ከዚሁ ምስጋና ድርሻቸው ይድረሳቸው።

የማሞግራም (የጡት ራጅ) ባልደረቦቻችን፣ ኤምአርአይ መጣ ተብሎ ሥራችሁ አልቀለለም። ኤምአርአይ የካልሲየም ብናኝ አያሳይም፤ አንዳንድ የወተት ቱቦ ውስጥ ካንሰሮች ደግሞ የሚታወቁት በዚያ ብናኝ ነው። የሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ባናነብ ኖሮ ግማሽ መረጃ ይዘን እንወስን ነበር።

በናሙና መውሰጃው ክፍል ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት ጋር ተሽቀዳድማችኋል። በአልትራሳውንድ ያልተገኘችውን ዕጢ በኤምአርአይ ውስጥ ሆኖ በመርፌ መውጋት ማለት፣ ኮንትራስቱ ፈዝዞ ዒላማው ሳይጠፋ መድረስ ማለት ነው። ጡቱን የሚይዘው ሰሌዳ ከላላ ዒላማው ይሸሻል፤ ከጠበቀ ደም ይቆምና ዒላማው ይጠፋል። ዒላማው ሲጠፋባችሁ «የለም» ብላችሁ አልተነሣችሁም፤ ሰሌዳውን አላልታችሁ ደግማችሁ አይታችኋል። ናሙና በወሰዳችሁበት ቦታ ሁሉ ትንሿን የቲታኒየም ምልክት ትታችኋል፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚመራው በእሷ ነው።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ለእናንተ ያለን ምስጋና ከዚህ ሁሉ ይለያል። ይህ ምርመራ እንደሚጠቅም የታወቀው ሴቶች ራሳቸው ገብተው ስለተመረመሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ በታተመው የኔዘርላንድ ጥናት 1,909 በቤተሰብ ወይም በዘር ተጋላጭ የሆኑ ሴቶች ተካፍለው፣ ኤምአርአይ ከወራሪዎቹ (ወደ አካባቢው ሥጋ ከዘለቁት) ካንሰሮች 79.5 በመቶውን ሲያገኝ ማሞግራም ያገኘው 33.3 በመቶውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ሌላው የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ጡት ካላቸው ከ50 እስከ 75 ዓመት ሴቶች መካከል ለኤምአርአይ በተጠሩት ዘንድ በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚከሰተው ካንሰር ከ1,000 ሴቶች 2.5 ሲሆን፣ በማሞግራም ብቻ በቀሩት 5.0 ነበር። በዚያው ጥናት ኤምአርአይ ከተነሡት ከ1,000 ሴቶች ወደ 80 የሚጠጉት ካንሰር ሳይኖርባቸው ለተጨማሪ ምርመራ ተጠርተዋል።

በዚህ ዙር ተጠርታችሁ፣ ሰግታችሁ ጠብቃችሁ፣ በመጨረሻም «ካንሰር አይደለም» የተባላችሁ እህቶች የዚህን ምርመራ ከባዱን ዋጋ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ እናመሰግናለን። በውጤታችሁ ላይ «ባይራድስ 3» (ባይራድስ የጡት ምስል ውጤት የሚመደብበት መለኪያ ነው) የተጻፈላችሁ፣ ዕጢው ካንሰር የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የ6 ወሩ ቀጠሮ ግን አይለፋችሁ። ስትመጡ በሌላ ቦታ የተነሣችሁት የቀድሞ ምስል ካለ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይዛችሁ ኑ። ሳይለወጥ የቆየውን ከአዲሱ የምንለየው አሮጌውን ምስል ከጎኑ ስናደርግ ነው፤ ብዙ ሴቶችም ያለ መርፌ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በዚያ ምስል ምክንያት ነው።

ከልባዊ ምስጋና ጋር፣
የጡት ምስል አንባቢ ሐኪሞች