ዓሣውን ከገንዳው ጋር አብረን የማናስረክበው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ስልካችን በጠራ ቁጥር የምንሰማው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ገንዳው ተተክሏል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ሒሳቡንም ከፍለናል፤ ታዲያ ዓሣው ለምን አይመጣም?» ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ዓሣና አትክልት አብረው የሚያድጉበትን ገንዳ ከተከልን በኋላ ለዓሣው ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል የምናስጠብቅበትን ምክንያት በደንብ ብታውቁት ሥራውም ይቀልላችኋል ብለን ስለምናምን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

ዓሣ የበላውን ሲያስወጣ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። አትክልቱ የሚተከልበት ጠጠር ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ያው ገዳይ ነው። ከዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ሰላጣው፣ ቆስጣውና በሶብላው የሚመገቡት ይህንን ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ገና አልተራቡም። ውሃው ኩልል ብሎ መታየቱ አያዘናጋችሁ፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ነገሩን ያዘገየዋል። ባክቴሪያዎቹ በፍጥነት የሚራቡት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ነው፤ እዚህ ግን በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የገንዳው ውሃም አብሮ ይቀዘቅዛል። ለሞቃት አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ አራት ሳምንት የተባለው እዚህ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ውሃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ባክቴሪያውም ዓሣውም የሚተነፍሰው ከዚያው ስለሆነ የአየር ፓምፑን «ድምፁ እንቅልፍ ነሣን» ብላችሁ ማታ ማታ እንዳታጠፉት አደራ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መያዝም ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው የእናንተ ሥራ መለካት ነው። ዓሣው እስኪመጣ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን በሰጠናችሁ ጠርሙስ ያለውን አሞኒያ በተነገራችሁ መጠን ትጨምራላችሁ፤ በየሁለት ቀኑ የገንዳውን ውሃ በመለኪያው ትንንሽ ቱቦዎች ቀድታችሁ በመለኪያው ጠብታ ታያላችሁ። የአሞኒያው ቱቦ ቢጫ ከሆነ የለም፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ ማለት ነው። የናይትራይቱ ሰማያዊ ከሆነ የለም፤ ወይን ጠጅ ከሆነ ሞልቷል። መሐል ላይ አሞኒያው እየቀነሰ ናይትራይቱ ድምቅ ብሎ ወይን ጠጅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። እባካችሁ በዚህ ጊዜ ውሃውን ደፍታችሁ ጠጠሩን እንዳታጥቡ! ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ ከታጠበ ግን እንደገና ከዜሮ ነው። ማታ የተጨመረው አሞኒያ በማግሥቱ ማታ ሲለካ ሁለቱም ቱቦዎች «የለም» ካሉ ገንዳው ደርሷል። ያኔ ደውሉልን፤ ስድስት ሳምንት ባይሞላም ዓሣውን እናመጣለን።

ውሃ ሲጎድል ከቧንቧ በቀጥታ አትጨምሩ። ክሎሪኑ ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጎዳል። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኑ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ጊዜውን የሚያሳጥር አንድ መንገድ አለ። ቀድሞ የጀመረና ዓሣዎቹ ጤነኛ የሆኑለት ጎረቤት ወይም ዘመድ ካላችሁ፣ ከጠጠሩ አንድ ጆግ ያህል ከነውሃው ተቀብላችሁ በዚያው ቀን ገንዳችሁ ውስጥ ጨምሩ። ለእንጀራ እርሾ እንደመዋዋስ ነው፤ ባክቴሪያው ከነነፍሱ ይገባላችኋል። ገንዳችሁ የደረሰላችሁ ደንበኞች ለሚጠይቃችሁ ጠጠር እንዳትነፍጉ እንለምናለን፤ የወሰዱት በቦታው ተመልሶ ይራባል።

ስለ ዓሣው ምርጫም አንድ ነገር እንበል። ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ የምናውቀው ቆሮሶ ሙቀት የለመደ ዓሣ ነው፤ ውሃው 16 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መብላት ያቆማል። ቆሮሶ የሚፈልግ ሰው የውሃ ማሞቂያውንና የመብራቱን ወጪ አብሮ ማሰብ አለበት። ሐሳባችሁ አትክልቱ ላይ ከሆነ ብርዱን የሚችለው ወርቃማ ዓሣ ይሻላችኋል ብለን በግልጽ እንመክራለን። መጀመሪያ ያዘዛችሁትን ግማሹን እናመጣለን፤ ቀሪውን መለኪያው ሲረጋጋ። ምግቡንም በአምስት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጧቸው፤ የተረፈው በስብሶ ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል።

መጠበቁ የማይመቻችሁ ካላችሁ የዓሣውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። መለኪያው ያሳያችሁን ቀለም ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልን በዕለቱ እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች