ግንዛቤውስ አለ፣ ኪኒኑ የት አለ?

ሰላም አዘጋጆች፣

በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ የአእምሮ ጤና ቀን ሲደርስ ሚዲያው ሁሉ "ግንዛቤ ይፈጠር" ይላል፣ ጥሩ ነው አልጠላሁትም፣ እኛ ቤት ግን የጠፋው ግንዛቤ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ አለበት፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሰውን የሚያስጠረጥር ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። መጀመሪያ ጸበል ወሰድነው፣ ዛሬም ጸበሉን የሚያጣጥል ሰው አይመቸኝም (እናቴማ ከሰማች አለቀልኝ)፣ ጸበል እየተጠመቁ ኪኒንም መዋጥ ይቻላል፣ አቁሙ የሚል አጥማቂ ሲያጋጥም ነው ጣጣው። ከዛ አማኑኤል ሄድን። ጣልያን ጊዜ የተከፈተ ሆስፒታል ነው፣ ለስንት ዘመን አገሪቱ ያላት የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር፣ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) እዚሁ ማሰልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በየወረዳው ሳይካትሪስት ይመደብልን ብዬ አልቀልድም።

አያስፈልግምም። ቡታጅራ አካባቢ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሰልጥነው እንደ ወንድሜ ያሉትን ሲያክሙ ተጠንቷል፣ ውጤቱም ሆስፒታል ሄዶ በሳይካትሪ ነርስ ከመታከም አላነሰም። ፌስቡክ ላይ ደሞ የዚምባቡዌ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሰው ሲያማክሩ ያያችሁ "እኛስ?" ትላላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን እሱ ለድባቴና ለጭንቀት ነው፣ ድምፅ ለሚሰማው ሰው ሃሎፔሪዶልን፣ ማለትም የስኪዞፍሬንያውን ኪኒን፣ አይተካም።

የኛ ጤና ጣቢያም የሰለጠነች ነርስ አለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ የምትሰጠው ነገር ነው የሌላት። "አልመጣም፣ በሚቀጥለው ወር ሞክሩ" ትለናለች። የጤና መድን መዋጮ ከፍለን ኪኒኑን ከግል ፋርማሲ በኪሳችን እንገዛለን፣ እሱም ከተገኘ ነው። ሲቋረጥበት መጀመሪያ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ከዛ ምግቡን መጠርጠር ይጀምራል፣ ከዛ ከቤት ይወጣል፣ እኛም ፍለጋ እንወጣለን።

ለምን ያልቃል ብዬ ስጠይቅ የገባኝ ነገር አናደደኝ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው ያለፈውን ፍጆታ አይቶ ነው። መድኃኒት ከሌለ ታካሚው ይቀራል፣ ታካሚው ከቀረ ሪፖርቱ ላይ ፍጆታው ትንሽ ይሆናል፣ ትንሽ ከሆነ ለሚቀጥለው ትንሽ ይታዘዛል። ወረቀቱን ያየ ሰው ወረዳው ውስጥ የታመመ የለም ይላል! ያለቀባቸውን ቀናት ቆጥሮ ማስተካከል ይቻላል፣ አሰራሩም አለ፣ ግን ለኛ ኪኒን ማን ይቆጥራል፣ ለወባ ቢሆን እኮ ስልኩ ይደወል ነበር።

እና በመጪው መስከረም ባለሙያ ጋብዛችሁ "ምልክቶቹ ምንድን ናቸው" ከምትሉ አንድ ጋዜጠኛ ወደ ጤና ጣቢያዎች ላኩና የሃሎፔሪዶልና ለዚሁ ሕመም በየወሩ የሚወጋውን መርፌ የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ ያሳዩት፣ ስንት ወር ባዶ እንደነበር ጽፎ ያውጣው።

ስሜን እንዳታወጡ፣ ወንድሜ ስራ እየፈለገ ነው።