የዳረል ግሪንን የሕይወት ታሪክ ለምን እንደምናስተምር፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁላችሁም ከነቤተሰባችሁ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

የትልልቆቹ ክፍል ተማሪዎች በዚህ መንፈቀ ዓመት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አጥንተው በአማርኛ እንዲያቀርቡ ነግረናቸዋል። ሰውየውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ዳረል ግሪን ይባላል፤ ለዋሽንግተን ቡድን የተጫወተ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ደውለውልኝ ነበር። «አበበ ቢቂላ እያለ፣ ደራርቱ እያለች፣ ቅዳሜያችንን ሰውተን የምናመጣቸው ለዚህ ነው ወይ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሎቻችሁም በሆዳችሁ ይዛችሁት ይሆናልና ለሁላችሁም በጽሑፍ ልመልስ።

አበበንና ደራርቱን ልጆቹ ተምረዋቸዋል፤ ወደፊትም ይማሯቸዋል። ነገር ግን ልጆቻችን የሚያድጉት እዚህ ዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛቸው ስለ አያቶቻቸው አገር ብቻ የሚናገሩበት ከሆነ የቅዳሜ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ሰኞ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚያወሩትን ጉዳይ በአማርኛ ማውራት ሲችሉ ግን የራሳቸው ያደርጉታል። እኔ የማምነው ይህን ነው። ደግሞም የዚህን ሰው ሕይወት ሳነብ፣ እኛ ወላጆች ስለ ኳስና ስለ ትምህርት ለምንጨነቀው ነገር ብዙ መልስ አገኘሁበት።

ጨዋታውን ለማታውቁት መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳ። ዳረል ግሪን ኮርነርባክ ነበር። ኮርነርባክ ተከላካይ ነው። በሜዳው ጠርዝ በኩል ይቆማል። ከፊቱ ሪሲቨር የሚባል፣ ሮጦ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች አለ። ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያውቃል። ኮርነርባኩ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ እየሮጠ የሰውየውን ወገብ ያያል። በጭንቅላትና በትከሻ ማታለል ቀላል ነው፤ ወገብ ግን እግሩ ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። ኳሱ ሳይደርስ ሪሲቨሩን ከጎተተው ወይም ከገፋው ቅጣት አለ፤ ኳሱም ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ይወሰዳል። በእኛ ኳስ ብናስበው፣ ፈጣን የክንፍ አጥቂ ላይ ብቻውን የተተወ ተከላካይ ማለት ነው። ሰውየው ካመለጠው ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ያየዋል። ከዚያ ደቂቃ ሳይሞላ እዚያው ቦታ ተመልሶ መቆም አለበት።

ዳረል ግሪን ይህን ሥራ ለ20 የውድድር ዘመን ሠራ፤ ሁሉንም ለአንድ ቡድን።

የተወለደው በ1960 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። ቁመቱ ከ5 ጫማ ከ9 ኢንች አይበልጥም። በዚህ ጨዋታ ይህ በጣም አጭር ነው። እሱ የሚጠብቃቸው እንደ ጄሪ ራይስና ማይክል ኧርቪን ያሉ ሪሲቨሮች ከ6 ጫማ በላይ ናቸው። የተማረውም ስሙ በቴሌቪዥን በሚጠራ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ኪንግስቪል በምትባል የቴክሳስ ከተማ በሚገኘው፣ ያኔ ቴክሳስ ኤ ኤንድ አይ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገር ግን ሩጫ ነበረው። በ1983 100 ሜትርን በ10.08 ሰከንድ ሮጧል። በዚያን ወቅት የዓለም ክብረ ወሰን 9.95 ነበር። ሩጫ ለምንወድ ለእኛ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ቡድን መረጠው። ቡድኑ ያኔ ሬድስኪንስ፣ ዛሬ ኮማንደርስ ነው የሚባለው። ኤንኤፍኤል በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ባለፈው ዓመት ያሸነፈ ቡድን አዲስ ተጫዋች የሚመርጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ ሻምፒዮን ነበር። ስለዚህ ግሪን በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው ተመራጭ ሆነ፤ 28ኛው። የለበሰውም ማሊያ ቁጥሩ 28 ነው።

የመጀመሪያ ጨዋታው ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ነበር። ሰኞ ማታ፣ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ። ቶኒ ዶርሴት የተባለው የዳላስ ኮከብ ኳሱን ይዞ አመለጠ። ከፊቱ ማንም የለም። ግሪን ከሜዳው ማዶ ተነሥቶ ከኋላ ደረሰበትና ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው ጣለው። ልጆቹ ይህን ቪዲዮ ደጋግመው አይተውታል፤ እኔም አብሬያቸው አይቻለሁ። ዋሽንግተን ያን ቀን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፣ 31 ለ 30። ግን ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ያንን ሩጫ ነው።

በጣም የምወደው ግን በጥር 1988 የሆነውን ነው። ቡድኑ ቺካጎ ሄዶ ከቤርስ ጋር ይጫወታል። ግሪን ተቃራኒው ቡድን የመታውን ኳስ ተቀብሎ ሮጠ። መንገድ ላይ አንድ ተጫዋች ሊጥለው ሲል ዘሎ አለፈው። ሲዘል የጎድን አጥንቱ አካባቢ ተጎዳ። ጎኑን በእጁ ይዞ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠና ታችዳውን፣ በእኛ ኳስ ጎል እንደሚባለው፣ አስቆጠረ፤ 52 ያርድ ሙሉ። ዋሽንግተን 21 ለ 17 አሸነፈ። በሳምንቱ እዚሁ ከተማችን፣ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ ከሚኔሶታ ጋር ተጫወቱ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል 17 ለ 10 እየመሩ ነበር። ሚኔሶታ እኩል ለመሆን የመጨረሻ ሙከራ ቀረው። ኳሱ ተወረወረ፤ ተቀባዩ መስመሩ አጠገብ ያዘው ሲባል ግሪን ደርሶ መታው፤ ኳሱም ወደቀ። ጎኑ ገና አልዳነም ነበር። የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውሉንም፣ ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸንፈው ወሰዱ። በዚያ ጨዋታ የዋሽንግተኑ ዳግ ዊልያምስ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ሆነ፤ ልጆቹ ይህንንም እንዲያካትቱ ነግሬያቸዋለሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሱፐር ቦውል፣ 295 ጨዋታ፣ 54 ጊዜ ከተጋጣሚ የተነጠቀ ኳስ። በተከታታይ 19 የውድድር ዘመን ቢያንስ አንድ ኳስ ነጥቋል፤ ይህ ክብረ ወሰን ነው። ጫማውን የሰቀለው በ2002 የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ በ42 ዓመቱ ነው። የመጨረሻ ጨዋታውም ከዳላስ ጋር ነበር። በ2008 ሆል ኦፍ ፌም፣ የጨዋታው ታላላቆች የሚከበሩበት መዝገብ ውስጥ፣ ገባ። በ2024 ቡድኑ 28 ቁጥርን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው በክብር አስቀመጠው። እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ስሙን የሰሙት በዚያ ሰሞን ነው።

አሁን እኔን የያዘኝን ነገር ልንገራችሁ። ዳረል ግሪን ወደ ሊጉ ሲገባ ዲግሪውን አልጨረሰም ነበር። ገንዘብ አገኘ፣ ዝና አገኘ፣ ዋንጫ አገኘ። ማንም ዲግሪህ የት አለ አይለውም። እሱ ግን ገና እየተጫወተ፣ በ1999፣ ሎረንስቪል ቨርጂኒያ ከነበረው ሴንት ፖልስ ኮሌጅ ተመረቀ። ያኔ ዕድሜው 39 ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1988 ለችግረኛ ልጆች የትምህርት ማዕከላትን የሚከፍት ድርጅት አቋቁሟል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ መጥተው የሚያጠኑበት፣ የቤት ሥራ የሚያግዛቸው ሰው የሚያገኙበት ቦታ። ለዚህ ሥራው በ1996 ሊጉ የዓመቱን ምርጥ ሰው ሽልማት ሰጥቶታል።

እኛ ልጅ ኳስ ሲያበዛ «ትምህርትህን ያዝ!» እንላለን። ትክክል ነን። ግን ከእኛ አፍ ሲሰሙት ጭቅጭቅ ይመስላቸዋል። ከሚያደንቁት ተጫዋች ሕይወት ራሳቸው ሲያገኙት ሌላ ነው። አንዲት ተማሪያችን የመመረቂያ ዓመቱን ከእናቷ ጋር አያይዛ፣ «እማዬም እየሠራች ነው የተማረችው» ብላ ጽፋለች። ያን ሳነብ ምርጫቸው ልክ እንደነበር ገባኝ።

ሌላው የደወላችሁልኝ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። «ልጄ አሁን ፉትቦል ልጫወት ይለኛል፤ ምን ልበለው?» እውነቱን ልናገር። ይህ ጨዋታ አንጎል ይጎዳል። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ዎቹ ላይ ሲቲኢ የተባለውን፣ ከተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣ በሽታ አግኝተዋል። አንጎሎቹን የለገሱት ቤተሰቦች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕመሙን ቀድመው የጠረጠሩ ስለነበሩ ቁጥሩ ተጫዋች ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ቢሆንም ችላ የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውሳኔው የእናንተ እና የልጃችሁ ሐኪም ድርሻ ነው። የግሌን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ትንንሽ ልጆች መጋጨት ያለበትን ጨዋታ ባይጀምሩ እመርጣለሁ። ፍላግ ፉትቦል የሚባል አለ። ሰው መጣል የለም፤ ወገብ ላይ የታሰረውን ጨርቅ መንጠቅ ነው። ሩጫው፣ መታጠፉ፣ ወገብ ማየቱ ሁሉ አለበት፤ ሴቶችም ይጫወቱታል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥም ገብቷል።

አንድ ነገር አደራ። «አንተ አጭር ነህ፣ ይሄ የእኛ ጨዋታ አይደለም» አትበሏቸው። ስለ ጉዳቱ ንገሯቸው፣ ስለ ጊዜው ንገሯቸው፣ ስለ ውጤታቸው ንገሯቸው። ስለ ቁመታቸው ግን ተዉት።

ዝግጅቱ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ በትልቁ ክፍል ይካሄዳል። እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ከወረቀት ማንበብ አይፈቀድም። አያቶችን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ጥያቄ የሚጠይቁት እነሱ እንዲሆኑ አስበናል። ልጆቹ እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ እንዲለማመዱ ጆሮ ስጧቸው። አማርኛው ሲሰናከል ቶሎ አታርሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱ። ቡናና ዳቦ ለማዘጋጀት የምትችሉ ወላጆች እስከ መጪው ቅዳሜ ለቢሮ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር