«ፍጹም ዋጋ ካለ አይበቃም» የሚለው ምክር ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክቱ ወጣቶች ጂማት ስለሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና በትምህርት ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ በትርፍ ጊዜዬ ከማስጠናቸው ልጆች ጋር አብረን አንብበነዋል። ከዋና ከተማው ርቆ የሚኖር አመልካች ስለ እንዲህ ያለ ፈተና በአማርኛ የተጻፈ ነገር የሚያገኘው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ጽሑፉ በመውጣቱ ብቻ ምስጋና ይገባችኋል። ይሁን እንጂ «በመረጃው ውስጥ የፍጹም ዋጋ ምልክት ካያችሁ ሁለት መልስ ስላለው አይበቃም ብላችሁ እለፉ» የሚለው ምክር ስሕተት ነው፤ ልጆቹም ከጋዜጣ ላይ ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ለጥፈውት ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። የአንድ ቁጥር ፍጹም ዋጋ ማለት ቁጥሩ ከዜሮ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ቁጥሩን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል በማስገባት ይጻፋል፤ |−7| = 7 እንደሚባለው። ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው የጥያቄ ዓይነት አንድ ጥያቄና ከሥሩ ሁለት መረጃዎችን ይዞ ይቀርባል። ተፈታኙ መልሱን እንዲያወጣ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የተሰጡት መረጃዎች መልሱን ለማወቅ ይበቁ እንደሆነና እንዳልሆነ እንዲፈርድ ብቻ ነው። ምርጫዎቹም ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ናቸው፦ አንደኛው መረጃ ብቻውን ይበቃል፣ ሁለተኛው ግን አይበቃም፤ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፣ አንደኛው ግን አይበቃም፤ ለየብቻ አይበቁም፣ ሲጣመሩ ግን ይበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይበቃሉ፤ ተጣምረውም አይበቁም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የጂማት ቅርጽ እነዚህ ጥያቄዎች ከሒሳብ ክፍሉ ወጥተው ዳታ ኢንሳይትስ ወደሚባለው ክፍል ተዛውረዋል። ይህ ክፍል 20 ጥያቄዎች ሲኖሩት የተሰጠው ጊዜ 45 ደቂቃ ስለሆነ ለአንዱ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው። በዚህ ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ካልኩሌተር መጠቀም ይፈቀዳል፤ ስለ ፍጹም ዋጋ በሚነሣ ጥያቄ ግን ካልኩሌተር ከእጅ ጣት የበለጠ አያግዝም። (በእኛ ከተማ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ያየኋቸው ፎቶ ኮፒ መጻሕፍት የቀድሞውን ቅርጽ የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ ይህንንም ዓምዳችሁ ደግሞ ቢያሳስብ መልካም ነው።)

ልጆቹ ይህን የጥያቄ ዓይነት መጀመሪያ ሲያዩት ግር ይላቸዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አስላ»፣ «ፈልግ»፣ «አሳይ» ሲባሉ ኖረው «ይበቃል ወይ?» ተብለው ተጠይቀው አያውቁምና። እኔ ግን ጥያቄውን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። አባቴ በምሥራቅ ጎጃም በተወለድኩባት ቀበሌ ከሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። የወሰን ክርክር ሲያዩ አንዱ ምስክር ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ሌላው እንዳይሰማ ራቅ ብሎ እንዲቆም ያደርጉ ነበር። የመጀመሪያውን ከሰሙ በኋላ «ይህ ቃል ብቻውን ነገሩን ይቆርጠዋል ወይ?» ብለው ይመክራሉ። ሁለተኛውን ሲጠሩ የመጀመሪያውን እንዳልሰሙ ሆነው ያዳምጡታል። ሁለቱን ቃል የሚያገናኙት አንዱም ለብቻው ካልቆረጠው ብቻ ነው። የዳታ ሰፊሸንሲ ሥርዓት ከዚህ አይለይም፤ የፈተናው ምስክሮች የማይዋሹና እርስ በርስም የማይጣሉ ከመሆናቸው በቀር። ይህ የመጨረሻው ነገር ለማረጋገጫ ይጠቅማል። አንደኛው መረጃ ኤክስ 3 ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ 5 ብቻ ነው ያላችሁ ከመሰላችሁ፣ የተሳሳተው መረጃው ሳይሆን ስሌታችሁ ነው። ልጆች ደጋግመው የሚስቱት ግን የመጀመሪያውን ምስክር ቃል በጆሯቸው ይዘው ሁለተኛውን መስማታቸው ነው።

አሁን ወደ ፍጹም ዋጋ ልመለስ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና ዓባይን ተሻግሮ በደጀንና በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ ከዚያም በአማኑኤልና በደምበጫ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላም ይቀጥላል። ይህን መንገድ ሰሌዳ ላይ እንደ ቁጥር መስመር አሰምረውና ማርቆስን ዜሮ፣ የሉማሜን ወገን ኔጌቲቭ፣ የአማኑኤልን ወገን ፖዘቲቭ አደርጋለሁ። አንድ ሹፌር ደውሎ «መኪናዬ ከማርቆስ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ተበላሽታ ቆማለች» ቢል፣ በሒሳብ ቋንቋ የተናገረው |ኤክስ| = 10 የሚለውን ነው። ይህ መረጃ ይበቃል ወይ ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ «አይበቃም፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ አልተናገረም» ይላሉ። ከዚህ በፊት ግን «ለምን ጉዳይ ነው የሚበቃው?» ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። መኪናዋን አስጎትቶ ለማምጣት በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚከፍል ለሚያሰላው ባለንብረት የሹፌሩ ቃል በቂ ነው፤ በየትኛውም ወገን ብትሆን ርቀቱ ያው 10 ነውና። ሊረዳት ለሚወጣው መካኒክ ግን ፊቱን ወደ ሉማሜ ወይስ ወደ አማኑኤል እንደሚያዞር ስለማያውቅ ያው ቃል አይበቃውም። በፈተናው ቋንቋ ስንናገረው፣ ጥያቄው «የኤክስ ስኩዌር ስንት ነው?» ከሆነ |ኤክስ| = 10 ይበቃል፣ መልሱም 100 ነው፤ «ኤክስ ስንት ነው?» ከሆነ ግን አይበቃም። የመረጃ በቂነት የሚለካው ሁልጊዜ በተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ የዓምዳችሁ ምክር ደግሞ ጥያቄውን ሳያነብ በመረጃው መልክ ብቻ የሚፈርድ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። «ፍጹም ዋጋ ማለት የመቀነስ ምልክቱን መጣል ነው» እል ነበር። ይህ አባባል ለ|−7| ይሠራል፤ ፊደል ሲመጣ ግን ልጁን ገደል ይከተዋል፤ ኤክስ የሚለው ፊደል የመቀነስ ምልክት ሳይታይበት ኔጌቲቭ ቁጥር ሊሆን ይችላልና። ዛሬ በባንክ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ለጂማት ሲዘጋጅ |ኤክስ| = −ኤክስ የሚል መረጃ አግኝቶ «ፍጹም ዋጋ ኔጌቲቭ ስለማይሆን ይህ የማይቻል ነው» ብሎ ሲከራከረኝ፣ ያስተማርኩት ነገር ምን እንዳደረገው ያን ጊዜ ገባኝ። ኤክስ −4 ከሆነ −ኤክስ 4 ነው፤ መረጃውም ፍጹም ትክክል ነው። ከዚያ ወዲህ ፍጹም ዋጋን ርቀት ብዬ አስተምራለሁ። |ኤክስ| ከዜሮ ያለው ርቀት ነው፤ |ኤክስ − 4| ከ4 ያለው ርቀት ነው፤ |ኤክስ + 3| ደግሞ ከ−3 ያለው ርቀት ነው። በስሌት ጊዜም ውስጡ ዜሮ ወይም ፖዘቲቭ ከሆነ እንዳለ ይወጣል፤ ውስጡ ኔጌቲቭ ከሆነ ምልክቱ ተገልብጦ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ያው መረጃ «ኤክስ ኔጌቲቭ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ ቢቀርብ አይበቃም፤ ዜሮም |ኤክስ| = −ኤክስን ያሟላልና። ዜሮን መርሳት በዚህ ዓይነት ጥያቄ ብዙ ነጥብ ያስጥላል።

«ሁለት መልስ አለው» የሚለውን ደግሞ በምሳሌ ላሳይ። ጥያቄው «ኤክስ ስንት ነው?» ይሁን፤ መረጃውም |ኤክስ − 4| = 2ኤክስ + 1 ይሁን። ሁለቱን መንገድ እንሂድበት። ውስጡ እንዳለ ከወጣ ኤክስ − 4 = 2ኤክስ + 1 ይሆንና ኤክስ = −5 ይወጣል። ምልክቱ ተገልብጦ ከወጣ 4 − ኤክስ = 2ኤክስ + 1 ይሆንና ኤክስ = 1 ይወጣል። የዓምዳችሁን ምክር የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር አየሁ ብሎ «አይበቃም»ን ይመርጣል። ነገር ግን −5ን መልሰን ብንተካው በግራ በኩል 9፣ በቀኝ በኩል −9 ይሆናል፤ ርቀት ደግሞ −9 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ −5 ይወድቃል፣ 1 ብቻ ይቀራል፤ መረጃውም ብቻውን ይበቃል። ከእኩል ምልክቱ ማዶ ፊደል ባለ ጊዜ ሁሉ የተገኘውን ቁጥር መልሶ ተክቶ ማየት ግዴታ ነው። ይህ ግማሽ ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ሲሆን፣ ጊዜ ለመቆጠብ የሚዘለውም ይኸው ነው።

|ኤክስ − 2| = |ኤክስ − 8| የሚለውስ? ሁለት የፍጹም ዋጋ ምልክት ስላለው አራት መልስ ይኖረዋል ብሎ የገመተ ተማሪ ገጥሞኛል። በርቀት ካነበብነው ግን ብዕር ማንሣት እንኳ አያስፈልግም። ከ2ም ከ8ም እኩል የሚርቅ ቁጥር መሐል ላይ ያለው 5 ብቻ ነው።

የሁለቱን ምስክሮች ነገር የሚፈትን ሌላም አለ። ጥያቄው «ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ወይ?» ነው። አንደኛው መረጃ |ኤክስ + 3| = 7 ይላል፤ ሁለተኛው ኤክስ ስኩዌር + 6ኤክስ − 40 = 0 ይላል። ከመጀመሪያው ኤክስ 4 ወይም −10 ይሆናል፤ ስለዚህ አይበቃም። ከሁለተኛውም 4 ወይም −10 ይወጣል፤ እርሱም አይበቃም። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ስሌቱን ሳይጨርሱ «ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ስለሆኑ ሲጣመሩ ይበቃሉ» ብለው ይመርጣሉ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ሁለቱን ወገን ስኩዌር ብናደርገው የምናገኘው ሁለተኛውን ነው፤ ልብሱን ቀይሮ የመጣ ያው ምስክር ነው። አባቴም ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው አፍ የሰሙትን ሲመሰክሩ እንደ አንድ ቃል ይቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ተጣምረውም አይበቁም።

ከሁሉም የሚከብዳቸው ግን «ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ነው። «|ኤክስ| ከ5 ያንሳል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንውሰድ። መረጃዎቹን ከማንበቤ በፊት ጥያቄውን «ኤክስ በ−5 እና በ5 መካከል ነው ወይ?» ብዬ እንድጽፈው ለራሴ ሕግ አድርጌአለሁ፤ ልጆቹንም ይህን ሳያደርጉ መረጃ እንዳያነቡ እከለክላቸዋለሁ። መረጃው |ኤክስ − 2| < 3 ቢሆን ኤክስ ከ2 ያለው ርቀት ከ3 ያንሳል ማለት ነው፤ ይህም ኤክስን በ−1 እና በ5 መካከል ያደርገዋል። ኤክስ 0 ሊሆን ይችላል፣ 3 ሊሆን ይችላል፣ አራት ከግማሽም ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ግን የጥያቄው መልስ «አዎ» ነው። የኤክስ ዋጋ ስፍር ቁጥር የሌለው ሆኖ መልሱ አንድ ስለሆነ መረጃው ይበቃል። አሁን ደግሞ መረጃው |ኤክስ − 10| < 3 ቢሆን ኤክስ በ7 እና በ13 መካከል ይሆናል፤ መልሱም ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ይህም ይበቃል። «አይደለም» የሚል መልስ ሲያገኙ «አይበቃም»ን የሚመርጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «መሬቱ የእርሱ አይደለም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚመሰክር ሰው ነገሩን እንደሚቆርጠው ሁሉ፣ ቁርጥ ያለ «አይደለም» ከ«አዎ» እኩል ይበቃል። የማይበቃው አንዳንዴ አዎ አንዳንዴ አይደለም የሚያሰኘው ነው፤ ለምሳሌ መረጃው ኤክስ < 5 ብቻ ቢሆን 0 አዎ ያሰኛል፣ −10 ግን አይደለም ያሰኛል። ቁጥር ተክቶ መሞከር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሲሞከርም ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይዞ ከመሮጥ ኔጌቲቩን፣ ዜሮንና በዜሮና በ1 መካከል ያለውን ክፍልፋይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አቋራጭ መንገድን በጠቅላላው የምቃወም አይደለሁም። ሁለት ደቂቃ ከሩብ አጭር ጊዜ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ማሳጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጎጃም ገጠር ተነሥቶ፣ ለፈተናው የሚከፈለውን ብዙ ገንዘብ ቤተሰቡ ከእህልና ከከብት ሽያጭ ያጠራቀመለት ልጅ፣ በጋዜጣ የታተመን ነገር እንደ እውነት ይይዛል። መምህር ሆኜ በክፍል ውስጥ የተናገርኩትን ስሕተት በማግሥቱ ተመልሼ ማረም እችላለሁ፤ የታተመውን ማረም ግን የሚቻለው በኅትመት ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ምክሩን በሚቀጥለው እትም እንዲያርም፣ ከእርማቱም ጋር |ኤክስ − 4| = 2ኤክስ + 1 የሚለውን ምሳሌ ከነመልሱ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ የሚጠብብ ከሆነ ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ቆርጣችሁ ይህን አንዱን ምሳሌ ብታትሙት ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር
ደብረ ማርቆስ