ለደንበኞቻችን፦ የዘንድሮውን የማዮርካ መንገድ ለምን ቀየርነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በስፔኗ ደሴት በማዮርካ የምናደርገው የዘንድሮው የብስክሌት ጉዞ ፕሮግራም ከደረሳችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ያው አንድ ጥያቄ ነው የጠየቃችሁን፦ «ሳ ካሎብራ የት ሄደ?» ለእያንዳንዳችሁ በአጭሩ ከመመለስ ይልቅ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

ሳ ካሎብራ እውነትም ውብ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንቶኒዮ ፓሪየቲ የተባለ መሐንዲስ የነደፈው ሲሆን፣ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ከተራራው ወደ ባሕሩ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ደግሞ የወረደ ሁሉ በዚያው መመለስ አለበት። ሌላ መውጫ መንገድ የለውም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብስክሌቱ፣ የኪራይ መኪናው፣ አስጎብኚ አውቶቡሱ፣ ሁሉም በዚያችው ጠባብ መንገድ ይወርዳል፤ በዚያችው ይወጣል።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ደንበኛችን ቁልቁለቱን ስትወርድ ኩርባ ላይ ከአውቶቡስ ጋር ተገጣጠመች። አውቶቡስ ያን ኩርባ ለመዞር የመንገዱን ሙሉ ስፋት ይፈልጋል። እሷ ዳር ያዘችና ፍሬን ጨብጣ ቆመች። አልተነካችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አጠገቧ ስንደርስ እጇ መሪውን አልለቅም ብሎ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅንላት። ውሃ ጠጣች፣ ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ላርፍ ነው የመጣሁት» አለችን።

የዚያን ዕለት ማታ ካርታውን እንደ አዲስ ዘረጋነው።

ማዮርካ ሲባል ሰው የሚያስበው ተራራውንና የባሕር ዳርቻውን ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ሜዳ ግን ብዙ ቱሪስት በመኪና ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። የገጠር መንደሮቹ ያሉት እዚያ ነው። መንደርን ከመንደር የሚያገናኙት አሮጌ የእርሻ መንገዶችም እዚያ ናቸው። የአገሩ ሰዎች ካሚ ይሏቸዋል። አብዛኞቹ አስፋልት ለብሰዋል፤ ስፋታቸው ግን አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። የሚቸኩል ሰው በዚያ አይሄድም። የምታገኙት ትራክተር፣ በግ፣ አንዳንዴም እርሻው ላይ የሚሠራ ገበሬ ነው።

ዘንድሮ የምናድረው ሲኔው በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ገበያዋ ይቆማል፤ በግና ዶሮ ሳይቀር ይሸጥበታል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ብስክሌት የለም። ገበያ እንወጣለን።

የመጀመሪያው ቀን ዙር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሲኔው ወደ ዩቢ፣ ከዚያ ማሪያ ደ ላ ሳሉት፣ አሪያኒ፣ ፔትራ፣ ሳንት ዡዋን፣ ተመልሶ ሲኔው። ከባድ ዳገት የለውም፤ ትንንሽ ጉብታዎች ግን እግራችሁን ያሠሩታል። ፔትራ ስንደርስ አደባባዩ ላይ ቡና እንጠጣለን። እ.ኤ.አ. በ1713 እዚያች መንደር የተወለደው መነኩሴ ሁኒፔሮ ሴራ ነው ካሊፎርኒያ ድረስ ተሻግሮ የሳን ዲዬጎን ሚሲዮን የመሠረተው። ከሳን ዲዬጎና ከሎስ አንጀለስ የምትመጡ ደንበኞቻችን የተወለደበትን ሰፈር ብታዩት ደስ ይላችኋል ብለን እናስባለን። ጉልበት የተረፈው ደግሞ ከፔትራ ወጣ ብላ ያለችውን የቦናኝን ኮረብታ መውጣት ይችላል። ቦናኝ «መልካም ዓመት» ማለት ነው። ድርቅ ጸንቶ ሕዝቡ ምሕላ ሲይዝ ዝናብ ስለመጣ ነው እንዲህ የተባለችው ይላሉ።

የእነዚህ መንገዶች ትልቁ ነገር ግን ግንባቸው ነው። በግራም በቀኝም፣ እስከ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አብሯችሁ ይሄዳል። ሲሚንቶም ሆነ ጭቃ የለበትም። ከቀዩ አፈር ተለቅሞ የወጣው ድንጋይ ራሱ ነው የተካበው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት አንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው የሚያርፈው። መሀሉ በጠጠር ተሞልቷል። እንሽላሊት ከስንጥቁ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ከላዩ የቁልቋል በለስ ተንጠልጥሏል። ይህን የሚክበው ባለሙያ ማርጄር ይባላል፤ ሥራው ዛሬም አልጠፋም። አንድ ደንበኛችን ከብስክሌቱ ወርዶ ካቡን እየዳበሰ «ይሄማ ኮንሶ ነው!» አለን። አልተሳሳተም። የዚሁ ደሴት የትራሙንታና ተራራ እርከንና የኮንሶ እርከን ሁለቱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአንድ ጉባኤ ላይ ነው። በመኪና ፍጥነት ብታልፉ ይህን ሁሉ አታዩትም።

ስለ ነፋሱም ማወቅ አለባችሁ፤ ማደሪያችንን ስንመርጥ እሱን አስበን ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ረፋድ ላይ የብሱ ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ በቦታው ከባሕር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። የደሴቲቱ ሰዎች ኤምባት ይሉታል። ከፓልማ ባሕር ዳርቻ በኩልም ከአልኩዲያ ባሕር ዳርቻ በኩልም ገብቶ መሀል ሜዳው ላይ ይገናኛል። ባሕር ዳርቻ ሆቴል የያዘ ብስክሌተኛ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ሲመለስ ነፋሱን በፊቱ ነው የሚቀበለው። እኛ መሀል ስለምናድር ከባሕር ስንመለስ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋናል። ስልሳ ኪሎ ሜትር ለነዳ እግር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ጉድለቱን እንንገራችሁ። የእርሻ መንገድ እንደ ዋናው መንገድ ልስልስ አይደለም። ቀዳዳ አለው፤ ትራክተር ጭቃ ይጥልበታል፤ ከዝናብ በኋላ ጠጠር ይታጠብበታል። መንታ መንገዶች ላይ ካቡ እይታ ስለሚጋርድ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። ጎማ የሚተነፍሰውም እዚህ ይበዛል። ለዚህ ብለን የሁሉንም ብስክሌት የጎማ ስፋት ወደ 32 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገናል። ትንሽ ይከብዳል፤ ለወገባችሁና ለእጃችሁ ግን ይሻላል። ሄልሜት ከከተማ ውጭ በስፔን ሕግ ግዴታ ነው፤ ከእኛ ታገኛላችሁ። መኪና ሲቀድማችሁም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት።

ጉዟችን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። ብስክሌተኛ ሁሉ ቡና ይዞ የሚበላት ክብ ጣፋጭ ዳቦ አለች፤ ኤንሳይማዳ ትባላለች። እባካችሁ ሳትጠይቁ አትብሉ። ስሟ የመጣው ሳይም ከሚል የአገሩ ቃል ነው፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። የምትሠራውም በእሱ ነው። ሶብራሳዳ የሚባለው ቀይ ቋሊማም የአሳማ ነው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ደንበኞች ስላሉን ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ለጾመኛ ፓ አም ኦሊ አለ፤ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ፣ የወይራ ዘይትና ጨው። ያለ አሳማ ሥጋና ያለ አይብ እንዲመጣ እኛ እናዝዛለን። የሰዓት ነገርም እንዳያሳስታችሁ፦ መነሻችን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ስልካችሁ 8 ይላችኋል። ቀትር ላይ የመንደር ሱቆች ስለሚዘጉ ውሃችሁን ጠዋት ሞልታችሁ ውጡ፤ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል።

«ሳ ካሎብራን ሳላይ አልመለስም» ለምትሉ ዐርብን ክፍት ትተናል። ገና ሳይነጋ በመኪና እንወስዳችኋለን፤ ብርሃን ሲሆን ትወርዳላችሁ፣ አውቶቡሶቹ መምጣት ሳይጀምሩ ወጥታችሁ ትጨርሳላችሁ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ቁልቁለት ላይ ልምድ የሌለውን ሰው ግን አንወስድም፤ በዚህ አትቀየሙን።

በድሮው ፕሮግራም ከፍላችሁ አዲሱን ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ አሳውቁን። የምትመጡ ደግሞ ቁመታችሁን ጻፉልን፤ ኮርቻውን ከወዲሁ አስተካክለን እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞው አዘጋጆች